የአንገት ቱቦ ወይስ የክንድ ፊስቱላ? ለኩላሊት እጥበት የደም መውጫ መንገድ አመራረጥ፣ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ታካሚዎች

የኩላሊት እጥበት እንዲጀምር የተነገረው ሰውና ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ በሳምንት ስንት ቀን መመላለስ እንዳለባቸው። ደሙ ከሰውነት በየት በኩል ወጥቶ በየት በኩል እንደሚመለስ የሚጠይቅ ግን በጣም ጥቂት ነው። ሐኪሙ "ቱቦ እናስገባለን" ይላል፣ ቤተሰብ "እሺ" ይላል፣ ፊርማ ይፈረማል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። በእጥበት ክፍል በነርስነት የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው በዝምታ የሚታለፈው ያ ጥያቄ ጮክ ተብሎ እንዲጠየቅ ስለምፈልግ ነው። ታካሚዎቻችንን ከሚነጥቁን ነገሮች አንዱ በዚሁ መውጫ በኩል ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ልንከላከለው የምንችለውም እሱ ነው።

ምርጫው በአራት ነገሮች መካከል ነው፦ በአንገት ወይም በብሽሽት የሚገባ ጊዜያዊ ቱቦ፣ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ የሚያልፍ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግል ቱቦ፣ ግራፍት የሚባለው ሰው ሠራሽ የደም ሥር፣ እና ከራስ ክንድ ደም ሥር የሚሠራው ፊስቱላ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጊዜ ላለውና ደም ሥሩ ለሚፈቅድለት ሰው ፊስቱላን የሚወዳደር የለም። ቱቦ የግድ ከሆነ ደግሞ የሚወጣበት ቀን ሳይታሰብ መግባት የለበትም።

አንድ ነገር ቶሎ ላጥራ። ባሕር ዳር ውስጥ ፊስቱላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በወሊድ ጊዜ በእናቶች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው፤ ለዚያ ሕክምና የሚሰጥ የሐምሊን ማዕከልም በከተማዋ አለ። የክንዱ ፊስቱላ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ለወንድም ለሴትም ይሠራል፣ በሽታም ሳይሆን ሐኪም ሆን ብሎ የሚሠራው የሕክምና መንገድ ነው።

መውጫው ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

በአንድ የእጥበት ክፍለ ጊዜ ማሽኑ በየደቂቃው 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይስባል። አራት ሰዓት ሲሞላ ከ70 ሊትር በላይ ደም በማሽኑ አልፏል ማለት ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ጠቅላላ ደም አምስት ሊትር ገደማ በመሆኑ ያው ደም ከአሥር ጊዜ በላይ ወጥቶ ይመለሳል። በእጅ ጀርባ ላይ የምናየው ተራ ደም ሥር ይህን አይችልም፤ ወይ ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ መክተት፣ ወይ ትንሹን ደም ሥር ማሳደግ ያስፈልጋል። የአራቱም አማራጮች ልዩነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ደምን ከሰውነት አውጥቶ የሚመልስ ማሽን ሁሉ የሚጋራው ችግር አለ። በሌሎች አገሮች ትልልቅ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ልባቸው ወይም ሳንባቸው ለደከመ አዋቂዎች ኤክሞ የሚባል ማሽን ይጠቀማሉ፤ ደሙን አውጥቶ ኦክስጅን ሰጥቶ ይመልሳል። ታካሚው በማሽኑ ላይ የሚቆይበት ቀን በረዘመ ቁጥር ደሙ በባክቴሪያ ወይም በፈንገስ የመመረዝ ዕድሉ ይጨምራል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ማሽኑ የደሙን ሙቀት ስለሚቆጣጠር ትኩሳት ይደበቃል፤ ሐኪሞቹ "ትኩሳት የለውም" ብለው ሊዘናጉ አይችሉም። በእጥበት ማሽንም መለስተኛ መልኩ አለ። የእጥበቱ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ተደርጎ ስለሚዘጋጅና የኩላሊት ሕመምተኛ ሰውነት በራሱም ቀዝቀዝ ስለሚል፣ በደም ውስጥ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ቴርሞሜትሩ 37.5 ላይ ሊቆም ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይመኑ የምለው ለዚህ ነው።

ጊዜያዊው ቱቦ፦ ሕይወት ያድናል፣ ሲቆይ ግን ይገድላል

አብዛኛው የእኛ ታካሚ እጥበት የሚጀምረው በድንገት ነው። ከዳንግላ፣ ከወረታ፣ ከሐሙሲት ወይም ከዘጌ መጥቶ ትንፋሽ አጥሮት፣ ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ስለ ፊስቱላ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ቱቦው በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፣ በዚያው ሰዓት እጥበት ይጀመራል፣ ሰውየው ይተርፋል። በዚህ ረገድ የሚተካከለው የለም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቱቦ ከቆዳው ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ትልቁ ደም ሥር ይገባል፤ በቆዳ ላይ በሚኖሩት ባክቴሪያዎችና በደሙ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቱቦው በገባ በመጀመሪያው ቀን ባክቴሪያዎች በግድግዳው ላይ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ ከዚያም ራሳቸውን በሚያጣብቅ ልባስ ይሸፍናሉ። እዚያ ከሠፈሩ በኋላ በደም የሚሰጥ መድኃኒት በደንብ አይደርስባቸውም። ትኩሳቱ በመድኃኒት ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል።

በዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያዎች መሠረት ጊዜያዊ የአንገት ቱቦ ከሁለት ሳምንት፣ የብሽሽት ቱቦ ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ መቆየት የለበትም። በእኛ አካባቢ ግን ለወራት ይዘውት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ገንዘብ ስለቸገረው፣ አንዳንዱ ፊስቱላ የሚሠራ ባለሙያ ጋ ተራ ስላልደረሰው፣ ብዙው ግን ሥራውን እስካሁን እየሠራ ነው ብሎ ስላመነ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ነው የሚያንገበግበኝ፤ ምክንያቱም በንግግር ብቻ ሊቀየር የሚችል ነው።

የሚገባበት ቦታም ለውጥ አለው። የቀኝ አንገት ተመራጭ ነው፣ ወደ ልብ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ነውና። ብሽሽት ላብና ንክኪ የሚበዛበት በመሆኑ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው፤ ቁጭ ብድግ ማለትም ያስቸግራል። በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው አጥንት ሥር የሚገባውን ግን በተቻለ መጠን እምቢ ይበሉ። ያ ደም ሥር ቱቦው ከወጣ በኋላ ጠብቦ ሊቀር ይችላል፤ ከጠበበ ደግሞ በዚያ በኩል ባለው ክንድ ላይ ወደፊት ፊስቱላ መሥራት ከንቱ ይሆናል። የዛሬው ምቾት የነገውን ምርጫ ይዘጋል ማለት ነው።

ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ቱቦ

ይህኛው ወደ አንገት ደም ሥር ከመግባቱ በፊት በደረት ቆዳ ሥር ጥቂት መንገድ ይጓዛል። ከቆዳው ሥር ባለው ክፍል ላይ ከጨርቅ መሰል ነገር የተሠራ ቀለበት አለው፤ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሥጋ በቀለበቱ ውስጥ ይበቅልና ቱቦውን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ከቆዳ የሚመጣውንም ባክቴሪያ ያግዳል። ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። መርፌ አያስፈልገውም፤ ሕፃናትና መርፌ በጣም የሚፈሩ ሰዎች ይወዱታል።

ግን ቀለበቱ የሚያግደው በቱቦው ውጪ የሚመጣውን ብቻ ነው። በየእጥበቱ ክዳኑ ሲከፈት በውስጥ በኩል የሚገባውን አያግድም። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በእንዲህ ዓይነት ቱቦዎች ላይ የሚታየው የደም ኢንፌክሽን በ1,000 የቱቦ ቀናት ከ1 እስከ 5 ገደማ ነው። አንድ ሺህ ቀን ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አካባቢ መሆኑን ያስቡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ የደም ኢንፌክሽን መያዝ በጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ታካሚ ዕጣ ነው፤ አምስት ጊዜ መያዝ ደግሞ እጅ በማይታጠብበት ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ዕጣ ነው።

ግራፍት

በአጭሩ፦ የራሱ ደም ሥር ለቀጠነበት ሰው ደም ቅዳውንና ደም መልሱን የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ቱቦ በክንድ ቆዳ ሥር ይቀበራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ መርፌ መወጋት ይጀምራል። በኢንፌክሽን ረገድ ከፊስቱላ ይብሳል፣ ከቱቦ ግን እጅግ ይሻላል። ከፊስቱላ ይልቅ ቶሎ ቶሎ በደም መርጋት ይዘጋል፤ ሲዘጋ የሚከፍት ባለሙያ በቅርብ ማግኘት ያስፈልጋል። ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ ነው። በእኛ ሁኔታ የፊስቱላ ዕድል የሌለው ሰው ቢያስብበት እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጌ አልመክረውም።

ፊስቱላ

በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ስክሪብነር የተባሉ ሐኪም ከክንድ ውጭ የሚቀመጥ የቴፍሎን ቱቦ ሠርተው የመጀመሪያዎቹን የረጅም ጊዜ የእጥበት ታካሚዎች ማከም ቻሉ። ያ ቱቦ ይረጋ ነበር፣ ይመርዝም ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ብሬሽያና ቺሚኖ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከውጭ ምንም ሳይገባ በእጅ አንጓ ላይ ያሉትን ደም ቅዳና ደም መልስ እርስ በርስ መስፋት። በከፍተኛ ግፊት የሚመጣው የደም ቅዳ ደም ወደ ደም መልሱ ሲገባ ሥሩ ይወፍራል፣ ግድግዳው ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ማሽን ተለዋወጠ፤ ይህን ሐሳብ የሚበልጥ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሁለት እጥበቶች መካከል ቆዳው የተዘጋ ነው። ባክቴሪያ የሚሠፍርበት ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ የለም። በአሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ከእጥበት ማዕከላት በተሰበሰበ የክትትል መረጃ በ100 የታካሚ ወራት (መቶ ታካሚዎች ለአንድ ወር ሲታዩ እንደማለት ነው) የታየው የደም ኢንፌክሽን በፊስቱላ 0.26፣ በግራፍት 0.39፣ በቱቦ ደግሞ 2.16 ነበር። ከስምንት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ይህ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የጀርም መግደያ፣ ጓንትና ማስክ በማይጠፋባቸው ክፍሎች የተገኘ ቁጥር መሆኑንም አይርሱ።

በደንብ የሠራ ፊስቱላ ላይ ጣትዎን ሲያሳርፉ በንብ ቀፎ ላይ እጅ እንደማሳረፍ ያለ የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማዎታል፤ ጆሮ ሲጠጉበት ሹሽታ አለው። ሥራውን ያስተማርኳቸው እናቶች ጠዋት ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ንዝረቱን ይፈትሻሉ።

ጉድለቱን ደግሞ አልሸሽግም። ለመብሰል ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ጥሩ የሚባለው በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር ደም የሚያሳልፍ፣ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር የደረሰ፣ ከቆዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ያለው ነው። ጥቂት የማይባሉት ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ በተለይ በስኳር ሕመምተኞች፣ በዕድሜ በገፉና ደም ሥራቸው ለረጅም ጊዜ በመርፌ በተጎዳባቸው ሰዎች። ከዚያ ክንዱ ላይ ከፍ ብሎ እንደገና ይሠራል። ለአንዳንዱ ሰው እጁ ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ደሙ ወደ መዳፍ መድረሱን ትቶ በአቋራጭ ስለሚመለስ። ልባቸው ክፉኛ ለደከመ ሰዎች የደሙ ፍሰት ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። በየእጥበቱ ሁለት ወፍራም መርፌ መወጋትም አለ፤ ማመሙን ማስተባበል አልችልም።

ብርድ ብርድ ሲል ወባ ነው ከማለትዎ በፊት

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፣ ለባሕር ዳር ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ነውና።

የጣና ዙሪያ ሜዳ፣ ፎገራም ደምቢያም፣ ወባ የሚያውቀው አካባቢ ነው። ብርድ ብርድ ብሎት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲታይ ቤተሰብ ወዲያው "ወባ ነው" ይላል፤ ካልሆነ "ታይፎይድ ነው"። ሰውየው አንገቱ ላይ ቱቦ ይዞ እያለም እንዲሁ ይባላል። በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ደሙ ይመረመራል፣ የታይፎይዱ ምርመራ "ፖዘቲቭ" ይባልለታል፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ሦስት ቀን ለቀቅ ያደርገዋል። በሚቀጥለው እጥበት ማሽኑ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ በላዩ የደረበው ጋቢ አይበቃውም፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ለምን በዚያ ሰዓት? በቱቦው ውስጥ የተከማቸው ባክቴሪያ ማሽኑ ሲስብና ሲመልስ በብዛት ወደ ደሙ ስለሚታጠብ ነው። ከእጥበት ጋር ተያይዞ የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት የቱቦው ድምፅ ነው።

ቱቦ ያለበት ሰው ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከታየበት፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የደም ኢንፌክሽን እንዳለበት ተቆጥሮ መታከም አለበት። የወባ ምርመራ ይደረግ፤ ማን ከለከለ። ግን ከእርሱ ጎን ለጎን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት በደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለየው ምርመራ፣ የደም ካልቸር፣ ይወሰድ፣ የሚቻል ከሆነ ሁለት ናሙና። መድኃኒቱ ቀድሞ ከተሰጠ ባክቴሪያው በምርመራ ላይ ላይበቅል ይችላል፤ ሐኪሙም በጨለማ ይተኩሳል። በእኛ ቤት የሚደረገው ስሕተት ሁሌም ይሄ ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው።

የካልቸሩ ውጤት ሕክምናውን ይለውጣል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወይም ሲዩዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ከተገኘ ቱቦው መውጣት አለበት። "ውድ ነው፣ በመድኃኒት እንሞክረው" የሚለው ልመና በእነዚህ ላይ አይሠራም። ቀለል ያሉት የቆዳ ባክቴሪያዎች ከሆኑ በደም ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር ቱቦውን በአንቲባዮቲክ መሙላትና በቦታው መተው አንዳንዴ ይሳካል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደግሞ ከደም አልፎ በልብ በሮች፣ በአከርካሪ አጥንትና በመገጣጠሚያዎች ላይ ይሠፍራል። ለዚህ ነው ሕክምናው በሳምንት የማይለካው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ታካሚው ትኩሳቱ ቢለቀውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ከእንዲህ ያለ ኢንፌክሽን በኋላ አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣ "ከመቀመጥ ብዛት ነው" ብለው አይለፉት፤ ለሐኪም ይናገሩ።

እዚህ አገር፣ እዚህ ከተማ ሲኖሩ

ንጽጽሩ በመጽሐፍ ላይ ብቻ አያልቅም። ከየአማራጩ ጋር ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖሩ መገመት ያስፈልጋል።

ጠበል አንዱ ነው። ብዙ ታካሚዎቼ ጠበል ይጠመቃሉ፣ በዚህም መጽናኛ ያገኛሉ፤ እኔም አልከለክላቸውም። ነገር ግን ቱቦ ያለበት ሰው ውኃ በአንገቱና በደረቱ ላይ ሊፈስበት አይገባም። የረጠበ ፋሻ ሥር የሚፈላው ባክቴሪያ ከየት ውኃ እንደመጣ አይመርጥም። ለአጥማቂው አባት አስቀድመው ቢነግሯቸው በእጅና በእግር ላይ ብቻ ያፈሳሉ፤ አስረድተን እምቢ ያሉ አባት አላጋጠሙኝም። የሚጠጣው ጠበልም በቀን ከተፈቀደልዎ ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠር። ፊስቱላ ያለው ሰው ግን የመርፌው ቀዳዳ ከደረቀ በኋላ፣ በማግሥቱ ማለት ነው፣ ገላውን መታጠብም መጠመቅም ይችላል።

በሐይቁ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ መረብ የሚጥል፣ ከወገቡ በታች ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው የብሽሽት ቱቦ ይዞ ወደ ሥራው ልመለስ ካለ ሞቱን እየጠራ ነው። ፊስቱላ የተሠራለት ግን በሌላኛው እጁ ከባዱን እየያዘ፣ ክንዱን ከመጨነቅና ከመቁሰል እየጠበቀ ሠርቶ መብላት ይችላል።

የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ አለ። በላብ የተላቀቀ ፕላስተር ክፍት በር ነው። ፋሻዎ ከተነሣ ወይም ከረጠበ ቀጣዩን የእጥበት ቀን አይጠብቁ፣ ያን ዕለት ይለወጥልዎ። ከወረታ ወይም ከመራዊ በሚኒባስ የሚመጡ ሰዎች አቧራው እንዳይነካቸው አንገታቸውን በነጠላ ይጠመጥማሉ፤ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ቱቦውን እንዳይስብ ላላ ይደረግ።

ለማን የቱ?

የኩላሊትዎ የማጣራት አቅም (በውጤት ወረቀት ላይ eGFR ተብሎ የሚጻፈው) ከ20 በታች ወርዶ እየቀነሰ ከሆነና እጥበት ገና ካልጀመሩ፣ ዛሬ ስለ ፊስቱላ ይጠይቁ። ይህ ከሁሉ የተሻለው ዕድል ነው፤ ያለ ቱቦ በቀጥታ በክንድ እጥበት የሚጀምር ሰው ከብዙ መከራ ይድናል። ይህን ወሬ ከአንድ ዓመት በፊት ቢሰሙት ኖሮ የሚያስብሉ ታካሚዎች አሉኝ፣ ስለዚህ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል የሚያደርጉ ሁሉ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የክሬቲኒን የደም ምርመራ ውጤታቸውን ትርጉም ይጠይቁ።

በድንገት የጀመሩ ከሆነ ቱቦውን ይቀበሉ፤ ግን ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር በካርድዎ ላይ ይጻፍ፦ ቱቦው የገባበት ቀን፣ እና ለፊስቱላ የተላኩበት ቦታ። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፤ በወቅቱ ፊስቱላ የሚሠራ ባለሙያ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ካልተገኘ የአዲስ አበባውን ወጪ ይደምሩና ከአንድ የደም ኢንፌክሽን ወጪ ጋር ያወዳድሩት። የሆስፒታል አልጋ፣ የሳምንታት መርፌ፣ አዲስ ቱቦ፣ ከሥራ የቀረ አስታማሚ። ብዙ ጊዜ ጉዞው ይረክሳል።

ፊስቱላው እስኪበስል ከሁለት ሳምንት በላይ መጠበቅ ካለብዎ ጊዜያዊው ቱቦ ከቆዳ ሥር በሚያልፈው እንዲቀየር ይጠይቁ።

ዘመድ ኩላሊት ሊሰጥዎ ተስማምቶ ምርመራው የተጀመረ ከሆነ፣ በአገራችን ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፣ ከቆዳ ሥር በሚያልፈው ቱቦ ጥቂት ወራት መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። ቀኑ ካልተቆረጠ ግን "ኩላሊት ሊተከልልኝ ስለሆነ አያስፈልገኝም" ብለው ፊስቱላውን አይተዉት፤ ንቅለ ተከላ ይዘገያል፣ ቱቦ ግን አይጠብቅም።

አባትዎ ወይም እናትዎ በዕድሜ የገፉ፣ ልባቸው በጣም የደከመ፣ ሐኪሙም ዕድሜያቸው በወራት እንደሚገመት በግልጽ የነገረዎት ከሆነ ፊስቱላ አያስጨንቋቸው። ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ቱቦ በቂ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ሕመም መቀነስ ነው፤ ይህን የምለው መመሪያውን ለሁሉ እኩል መጫን ጭካኔ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ነው።

ቱቦ ይዘው እስካሉ ድረስ

ነርሷ ቱቦውን ስታገናኝ ዓይንዎን አይንቀሉ። እጇን ታጥባለች፣ እርሷም እርስዎም ማስክ ታደርጋላችሁ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደ ሌላ ጎን ያዞራሉ። ክዳኑን ከመክፈቷ በፊትና ከከፈተች በኋላ የቱቦውን አፍ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ቢያንስ ለ15 ሰከንድ ትፈገፍጋለች፣ ትንሽም ታደርቀዋለች። አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጎ ማለፍ ፍግፈጋ አይባልም። ከዘለለች "እህቴ፣ አፉን አልጠረግሽውም" ይበሉ። ደፍሮ የሚናገር ታካሚ አስቸጋሪ ሳይሆን የሥራ አጋራችን ነው፤ ለእኔም የተነገረኝ ጊዜ አለ፣ አመስግኜ አድርጌዋለሁ።

በቱቦው በኩል ደም ለምርመራ አይቀዳ፣ ግሉኮስም አይሰጥበት፤ ለእጥበት ብቻ ነው። የቱቦው መውጫ ቀዳዳ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ሲነካ ካመመ ሌሊቱን አያሳድሩት። ቱቦው በድንገት ከተነቀለ ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ አጥብቀው ተጭነው ይተኙ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።

ፊስቱላ ለሚሠራበት እጅ ጥበቃው ገና ከመሠራቱ በፊት ይጀምራል። የማይጽፉበትን ወይም የማይሠሩበትን እጅ ይምረጡ፣ ከዚያ እጅ ደም አይቀዳ፣ ካኑላም አይግባበት። መርፌ የግድ ከሆነ በመዳፍ ጀርባ ይሁን። "ይህ እጄ ለእጥበት የተቀመጠ ነው" ብሎ መናገር የታካሚው መብት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚቸኩል ሰው ካልተነገረው አያውቅም።

ከተሠራ በኋላ የደም ግፊት አይለካበት፣ ጠባብ አምባርና ሰዓት አይታሰርበት፣ ተንተርሰውት አይተኙ። ከእያንዳንዱ እጥበት በፊት ክንዱን በሳሙና ይታጠቡ፤ መርፌውም በየጊዜው ቦታ እየቀየረ ይግባ፣ አንድ ቀዳዳ ላይ ደጋግሞ መውጋት ፊስቱላንም ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋልና። በተቅማጥና በትውከት ወይም በእጥበት ላይ የደም ግፊትዎ በጣም ከወረደ በዚያ ቀን ንዝረቱን ደጋግመው ይፈትሹ፤ ደም የሚረጋው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ንዝረቱ ከጠፋ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረሱ፤ በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰበት የሚከፈትበት ዕድል አለ።